ቱቦው ባለቤት ይኑረው፦ በአየር ለሚጓዙ ታካሚዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ የአየር አምቡላንስ አገልግሎት ለምትመሩ፣ ታካሚ ለምትልኩ ሆስፒታሎች፣ ፈቃድ ለምትሰጡና ለምትቆጣጠሩ መሥሪያ ቤቶች

ጉዳዩ፦ በቱቦ የሚተነፍሱ ታካሚዎችን በአየር ስለማጓጓዝ

እንደምን ሰነበታችሁ።

ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። አየር ቧንቧው ውስጥ በገባ ቱቦ የሚተነፍስ ታካሚ የጫነ አውሮፕላንም ሆነ ሄሊኮፕተር የካፍ ግፊት መለኪያ (የቱቦውን ትንሽ ፊኛ ግፊት የሚለካ ዕቃ) ሳይዝ አይነሳ። የካፕኖግራፊ ሞገድ፣ ማለትም ታካሚው የሚያስወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያሳየው መስመር፣ ሞኒተሩ ላይ ሳይታይ አይነሳ። ሦስተኛው ምንም ገንዘብ አይፈልግም፦ ቱቦው ባለቤት ይኑረው። ከሆስፒታሉ አልጋ እስከ ተቀባዩ አልጋ ድረስ፣ በስሙ የሚታወቅ አንድ ሰው።

የምጽፈው የፅኑ ሕሙማን ነርስ ሆኜ ነው። በአየር የመጡ ታካሚዎችን እቀበላለሁ፣ አንዳንዴም አብሬ እበራለሁ። ከዚህ በታች ያለው ነገር ለባለሙያ አዲስ አይደለም። ችግሩም እሱ ነው። ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ግን ደንብ ስላልሆነ የሚሠራው የፈለገ ብቻ ነው።

ቱቦ ከገባ በኋላ ብዙ ሰው ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ሐኪሞችም ጭምር። ቱቦ ማስገባት ከባድ ሥራ ስለሆነ ሲገባ ሁሉም እፎይ ይላል። ጓንት ይወልቃል፣ ስልክ ይደወላል፣ ወረቀት ይሞላል። አልጋው ካልተንቀሳቀሰ ይህ እፎይታ ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። ለበረራ ግን አያስኬድም። ታካሚው ከአልጋ ወደ ስትሬቸር፣ ከስትሬቸር ወደ አምቡላንስ፣ ከአምቡላንስ ወደ አውሮፕላን ይዛወራል። ሲደርስ ደግሞ ያው ሁሉ ተገልብጦ ይደገማል። መሃል ላይ የአየሩ ግፊት ራሱ ይቀየራል።

ከፊኛዋ ልጀምር፤ በጣም የምትረሳው እሷ ስለሆነች።

ከቱቦው ጫፍ አጠገብ ካፍ የምንላት ትንሽ ፊኛ አለች። ቬንትሌተሩ (የመተንፈሻ ማሽኑ) የሚገፋው አየር ወደ ሳንባ ሄዶ እንዲቀር፣ በቱቦው ጎን ተመልሶ እንዳይወጣ ትዘጋለች። ከአፍ የሚወርደውን ምራቅና ከሆድ የሚመለሰውን ፈሳሽም ወደ ሳንባ እንዳይገባ ትይዛለች። ለዚህ የሚበቃት ግፊት ሴንቲ ሜትር ውሃ በሚባለው የግፊት መለኪያ ከ20 እስከ 30 ነው። ከ20 ከወረደች ታፈሳለች። ከ30 ካለፈች የአየር ቧንቧውን ግድግዳ መጫን ትጀምራለች። እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ ጥናት ይህን በዓይን አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ቧንቧው ውስጥ በመመልከቻ ሲያዩ፣ ከ30 በላይ የግድግዳው የደም ፍሰት ሲቀንስ፣ 50 ላይ ደግሞ የተጫነው ቦታ ጭርሱን ደም ሲያጣ ተመልክተዋል። ደም ያላገኘ ሥጋ ይቆስላል። ቁስሉ ሲጠግግ ቧንቧው ሊጠብ ይችላል። ይሄ ሁሉ የሚታወቀው ታካሚው ድኖ ቤቱ ከገባ ከሳምንታት በኋላ፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ሲያጥረው ነው። ያኔ በረራውን ማን ያስታውሳል?

አሁን ይህችን ፊኛ ወደ ላይ ውሰዷት። በዙሪያው ያለው ግፊት ሲቀንስ የታፈነ አየር ይሰፋል። ሮበርት ቦይል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስቀመጠው ሕግ ነው፣ የሚከራከርበት የለም። የካቢን ግፊቱ የሚጠበቅ አውሮፕላን እንኳ ውስጡ እስከ 8,000 ጫማ ከፍታ ያህል ሊሆን ይችላል። በባሕር ጠለል 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የነበረው ግፊት እዚያ ላይ 565 ገደማ ነው። ቦታ ያገኘ አየር በዚህ ልዩነት ከሲሶ በላይ ይሰፋል። በበረራ ላይ የታሸገ ብስኩት ከረጢቱ ተወጥሮ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። የእኛዋ ፊኛ ግን እንደ ከረጢቱ መወጠሪያ ቦታ የላትም። ዙሪያዋን ሥጋ ነው። መስፋት ሲያቅታት ትጫናለች።

«ሄሊኮፕተር ዝቅ ብሎ ስለሚበር እኛን አይመለከትም» ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት በሄሊኮፕተር የተጓዙ 114 ባለ ቱቦ ታካሚዎችን ለክቷል። ሄሊኮፕተሮቹ ከተነሱበት ቦታ በአማካይ 2,260 ጫማ ብቻ ነው ከፍ ያሉት። ያም ሆኖ ከታካሚዎቹ 98 በመቶ የሚሆኑት በበረራው ላይ የፊኛቸው ግፊት 30 ደርሷል ወይም አልፏል። 72 በመቶው 50 እና ከዚያ በላይ ገብቷል። ከላይ ያልኳችሁን 50 አስታውሱ።

መለኪያውን ሰክቶ መነሳት ምን እንደሚመስል ላላየ ሰው ልንገር። መሬት ላይ መርፌው 25 ላይ ቁጭ ብሏል። ሄሊኮፕተሩ ሲነሳ መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፤ ንዝረቱ ነው። ቀጥሎ ቀስ እያለ ይነሳል። 30። 35። 40። ታካሚው ምንም አያሳይም፤ ተኝቷል። ሞኒተሩ አይጮህም። ሳቹሬሽኑ፣ የደሙ የኦክስጅን ሙሌት፣ 98 ነው። ቬንትሌተሩማ ጭራሽ ተስማምቶታል፣ የሚያፈስ ነገር የለማ። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ነገር እየተበላሸ መሆኑን የሚናገር ሌላ ምንም የለም፣ ከዚያች መርፌ በስተቀር። ባለሙያው ትንሽ አየር ለቀቅ ያደርጋል፣ መርፌው ወደ 25 ይመለሳል። የአሥር ሰከንድ ሥራ ነው። መለኪያው ከሌለ ግን አሥር ሰከንዱም የለም።

መለኪያ በሌለበት ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ። ከቱቦው ውጭ የምትንጠለጠለዋን ትንሽ ፊኛ በሁለት ጣት ጨመቅ ማድረግና «ደህና ናት» ማለት። ልምድ ያለው ሰው ጣትም ቢሆን 25ን ከ60 ለመለየት አስተማማኝ እንዳልሆነ በተደጋጋሚ ተፈትኖ ታይቷል። በጣት ግፊት መለካት የግብር ይውጣ ሥራ ነው። ይቅርብን።

ሲወረድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከላይ ሆነን የለቀቅነው አየር መሬት ስንደርስ ያንሳል። ፊኛዋ ትኮማተራለች፣ ቬንትሌተሩ የሚሰጠው አየር ያመልጣል፣ ጉሮሮ ላይ ተጠራቅሞ የነበረው ፈሳሽ ወደ ሳንባ መንገድ ያገኛል። ከቀናት በኋላ የሳንባ ምች ይመጣል። ስለዚህ ግፊቱ ከመነሳት በፊት፣ ከፍታ ላይ፣ ለማረፍ ሲወረድና ካረፉ በኋላ ይለካ። መሃል ላይ ከፍታው ከተቀየረ ደግሞ እንደገና።

አንዳንድ ቡድኖች ፊኛዋን በአየር ፈንታ በሳላይን ይሞላሉ። ፈሳሽ በከፍታ እንደ አየር አይሰፋም፣ ሐሳቡ ትክክል ነው። እኔ ግን ብዙም አልወደውም። በዚያች ቀጭን መስመር ውሃ ማስገባትም ማውጣትም ጊዜ ይፈጃል። ስንት ግፊት እንደሰጣችሁ በተለመደው መለኪያ ማወቅ ያስቸግራል። አየሩ በደንብ ካልወጣ የቀረው መስፋቱ አይቀርም። ተቀባዩ ሆስፒታል ውስጥ ያለው ነርስ ውሃ መሆኑን ካልተነገረው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በአንገት ቀዳዳ ከሚገቡት ቱቦዎች አንዳንዶቹ ከሥሪታቸው ፊኛቸው በንጹሕ ውሃ የሚሞላ ነው፤ እነሱ ላይ የአምራቹ መመሪያ ይከበር። ለቀረው ግን ለክቶ ማስተካከል ይሻላል ባይ ነኝ።

ወደ ካፕኖግራፊ ልለፍ።

ሆስፒታል ውስጥ ቱቦው ቦታው ላይ መሆኑን ስንጠራጠር ማዳመጫ አንስተን ደረት እንሰማለን። ሄሊኮፕተር ውስጥ ማዳመጫ አንገት ላይ ለጌጥ ነው። ሞተሩ ሁሉን ነገር ይውጠዋል። ደረት ሲነሳና ሲወርድ በዓይን ማየትም በብርድ ልብስ፣ በቀበቶና በደብዛዛ መብራት መሃል አስቸጋሪ ነው። የቀረን አንድ እውነተኛ ምስክር በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሞገድ የሚያሳየው መስመር ነው። ሞገድ ካለ አየር ከሳንባ እየወጣ ነው። መስመሩ ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ ቱቦው የተሳሳተ ቦታ ነው ብሎ ማሰብ ነው።

«ሳቹሬሽን አለን እኮ» የሚል ይኖራል። ሳቹሬሽን ዘግይቶ ነው የሚናገረው። በኦክስጅን በደንብ የተሞላ ታካሚ ቱቦው ከቦታው ወጥቶ እንኳ ቁጥሩ ለደቂቃዎች ጥሩ ሊያሳይ ይችላል። መውረድ ሲጀምር ጊዜው ሄዷል። የካፕኖግራፊው ሞገድ ግን በጥቂት ትንፋሽ ውስጥ ይናገራል።

«ልቡ ስለቆመ ነው ሞገዱ የጠፋው» የሚለው አባባል ደግሞ ሰው ይገድላል። ልብ ቆሞ ደረት እየተጫነ ሳለ እንኳ ቱቦው በትክክል ሳንባ ውስጥ ከሆነ ዝቅ ያለ ሞገድ ይታያል። ጭርሱን ጠፍጣፋ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቱቦው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ከሆስፒታል ውጭ ቱቦ የገባላቸውን 153 ሰዎች አይቶ ነበር። ካፕኖግራፊ ያለማቋረጥ ከተደረገላቸው መሃል ሳይታወቅ በተሳሳተ ቦታ የቀረ ቱቦ አንድም አልተገኘም። ካልተደረገላቸው መሃል ግን 23 በመቶ ገደማ ላይ ተገኝቷል። በእንግሊዝ የማደንዘዣ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት አገር አቀፍ ምርመራም አለ። በፅኑ ሕሙማን ክፍል ከአየር መንገድ ጋር በተያያዘ ከደረሱት ሞቶች ከ70 በመቶ በላይ በሚሆኑት ላይ ካፕኖግራፊ አለመጠቀም አስተዋጽኦ ሳይኖረው አይቀርም ብሏል። ይሄ መብራት ባለበት፣ ሰው ባለበት፣ መሬት ላይ ባለ ክፍል ነው። ሞገድ ሳይኖር በአየር ላይ መብረር ምን ይባላል ታዲያ?

ስለዚህ ደንቡ አጭር ይሁን። ሞገድ የለም፣ በረራ የለም። መሣሪያው የተበላሸ ከሆነ ሌላ ይፈለግ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያገኛት ቀለም የምትቀይረዋ ትንሿ መመርመሪያ ለመጠባበቂያ ትያዝ፤ ምትክ ግን አትሆንም።

ቀጥሎ የሰው እጅ ነው። እኔ ይበልጥ የምፈራው ከፍታውን ሳይሆን በሩን ነው።

ማንሳቱን አስቡት። ስትሬቸሩ አውሮፕላኑ በር ላይ ቆሟል። አንዱ እግር በኩል ይዟል፣ አንዱ ራስ በኩል። የቬንትሌተሩ ቧንቧ በስትሬቸሩ ብረት ሥር አልፏል፣ ማንም አላየውም። ኦክስጅኑ ከታች ነው። የሞኒተሩ ገመድ ከደም ሥር መስመሩ ጋር ተጠላልፏል። አንዱ «አንድ፣ ሁለት…» ይላል፤ ሌላው «ሦስት» ላይ ነው ወይስ ከ«ሦስት» በኋላ እያለ ያስባል። ስትሬቸሩ ይገፋል። ሰውየው ይሄዳል፣ ቧንቧው ይቀራል። ሁለት ሴንቲ ሜትር በቂ ነው።

ሁለት ሴንቲ ሜትር ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። የአዋቂ ሰው ራስ ወደ ደረቱ ሲታጠፍ የቱቦው ጫፍ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ታች ይወርዳል። ወደ ኋላ ሲዘረጋ ያንኑ ያህል ይወጣል። ማንም ሳይጎትተው፣ በአንገት ብቻ። አዲስ የተወለደ ሕፃን ደግሞ የአየር ቧንቧው ጠቅላላ ርዝመት አራት፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ነው። እዚያ ላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትርም ወሬ አይደለችም።

ባለቤት የምለው ለዚህ ነው። በየዝውውሩ ላይ አንድ ሰው ራስ በኩል ይቆማል። እጁ ቱቦው ላይ ነው፣ መንጋጋውን ተደግፎ። ሌላ ምንም አይሸከምም። ቦርሳ አይዝም፣ ስልክ አያነሳም፣ ፊርማ አይፈርምም። የሚቆጥረው እሱ ነው። «ቁም» ሲል ሁሉም ይቆማል፣ ፓይለቱም ሆነ ዋናው ሐኪም። ከመነሳቱ በፊት ቱቦው ጥርስ ጋ ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ እንደሆነ ጮክ ብሎ ያነባል። ከተቀመጠ በኋላ እንደገና ያነባል። ሞገዱን ያያል፣ «አለ» ይላል። ከዚያ ነው በሩ የሚዘጋው። ለአፍታ ቬንትሌተሩን ነቅሎ መሻገር ይሻላል ወይስ እንደተሰካ፣ ያም አስቀድሞ ይወሰን። ለጥቂት ሰከንድ መነቀልን የሚችል ታካሚ አለ፣ የማይችልም አለ። በር ላይ ቆሞ የሚመከርበት ጉዳይ አይደለም።

የብዙ ሰው ሥራ የማንም ሥራ ነው። አራት ሰው ታካሚውን ይዞ ሳለ ቱቦው የሚወጣው እያንዳንዱ «ሌላው ይዞታል» ብሎ ስለሚያስብ ነው።

ማሰሪያውም ይታሰብበት። ፕላስተር በላብ፣ በደምና በጺም ላይ አይቆይም። ፊቱ የተቃጠለ ሰው ላይ ጭራሽ አይይዝም፤ ፊቱም ስለሚያብጥ ለእሱ ቱቦ ማሳጠር ክልክል ነው። በዙሪያ የሚታሰር ጨርቅ ወይም ለዚሁ የተሠራ መያዣ ይዘጋጅ። ተቀባዩ ሆስፒታል ደርሶ መልሶ የሚያስረው ሳይሆን፣ የሚልከው ሆስፒታል አስሮ የሚልከው ይሁን።

ማደንዘዣን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ማስታገሻ አይደለም። ታካሚው ዝም ማለቱ መተኛቱን አያሳይም። ማስታገሻው አልቆ ማላሊያው ካላለቀ፣ ሰውየው ነቅቶ፣ ሁሉን እየሰማ፣ ጣቱን ማንቀሳቀስ ሳይችል ሊበር ይችላል። ማላሊያው ካለቀ ደግሞ መጀመሪያ እጁ የሚሄደው ወደ ቱቦው ነው። የመድኃኒቱ ፓምፕ በቂ መድኃኒትና በቂ ባትሪ ይዞ ይነሳ።

ኦክስጅን ላይ የምናየው ስህተት የሒሳብ ነው፣ ሒሳቡ ደግሞ ቀላል ነው። መሬት ላይ 40 በመቶ ኦክስጅን የሚበቃው ታካሚ በ8,000 ጫማ ካቢን ያንኑ ለማግኘት 54 በመቶ ያህል ይፈልጋል። ባሕር ጠለል ላይ 75 በመቶ የሚወስድ ታካሚ ደግሞ እዚያ ላይ 100 በመቶ ቢሰጠውም ገና እኩል መሆኑ ነው፤ መጠባበቂያ የለውም። እንዲህ ላለው ፓይለቱ ዝቅ ብሎ እንዲበር ወይም የካቢኑን ከፍታ እንዲያወርድ ይጠየቅ። ነዳጅ ይበላል፣ መናወጥም ይበዛል፣ አንዳንዴም መሃል ላይ ማረፍ ይመጣል። ግን ይህ ውይይት ከመነሳት በፊት መሆን አለበት። ፓይለቱ ስለ ታካሚው ኦክስጅን ካልተነገረው ከየት ያውቃል?

ሲሊንደሩም ይሰላ። በደቂቃ 8 ሊትር የሚተነፍስ፣ ቬንትሌተሩ ለራሱ 1 ሊትር የሚወስድ፣ ንጹሕ ኦክስጅን ላይ ያለ ታካሚ ለ90 ደቂቃ 810 ሊትር ይፈልጋል። እጥፍ መያዝ ይገባል፤ 1,620። በእጅ የሚያዘው መካከለኛ ሲሊንደር ሞልቶ ከ600 እስከ 700 ሊትር ነው። ሰዓቱ ደግሞ ከአልጋ እስከ አልጋ ይቆጠር እንጂ ከመነሳት እስከ ማረፍ አይሁን። አስፋልት ላይ አምቡላንስ መጠበቅም ኦክስጅን ይበላል።

የካቢን አየር ደረቅ ነው። ረጅም በረራ ላይ አክታ ይወፍራል፣ ቱቦውን ይዘጋል፣ በተለይ የሕፃናትን ቀጭን ቱቦ። እርጥበት የሚይዘው ማጣሪያ ይገጠም፣ አክታ የሚስበው ሳክሽን ማሽን በባትሪ መሥራቱ መሬት ላይ ይሞከር። በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠው አምቡ ባግ ደግሞ ከታካሚው ራስ አጠገብ፣ ከፕላስቲኩ ወጥቶ ይቀመጥ። ከወንበር ሥር ባለ ቦርሳ ውስጥ ያለ አምቡ ባግ እንደሌለ ይቆጠራል።

አንገታቸው ላይ ቱቦ ስላላቸው ታካሚዎች ለብቻ ማንሳት አለብኝ፤ እነሱ «ቀላል» ተብለው ይላካሉ። ቀላል አይደሉም። ቀዳዳው በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ሰባት፣ አሥር ቀናት ውስጥ መንገዱ ገና አልጸናም። በዚያ ጊዜ ቱቦው ከወጣና በግምት ከተመለሰ ከአየር ቧንቧው ውጭ ሥጋ ውስጥ ሊገባ ይችላል። እንዲህ ያለውን ታካሚ መላክ ሊቆይ ከቻለ ይቆይ። ካልቻለም ቱቦው የገባበት ቀን፣ ዓይነትና ቁጥር ተጽፎ፣ አንድ ተመሳሳይና አንድ ቁጥር ያነሰ ትርፍ ቱቦ ተይዞ፣ በአፍ በኩል ቱቦ የማስገባት ዕቅድና ዕቃ ተዘጋጅቶ ይሂድ።

ከሁሉም በላይ አንድ ነገር በትልቁ ይጻፍልኝ፦ ይህ ሰው በአፉና በአፍንጫው መተንፈስ ይችላል ወይስ አይችልም? ማንቁርቱ ሙሉ በሙሉ በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው አፉ ከሳንባው ጋር አይገናኝም። ፊቱ ላይ ጭምብል አድርጎ ኦክስጅን መስጠት ለእሱ ምንም አይጠቅምም። ኦክስጅኑ አንገቱ ላይ ነው የሚሰጠው። በጨለማ፣ በጩኸት መሃል፣ የማያውቀውን ሰው ይዞ የሚበር ባለሙያ ይህን በግምት ሊያውቅ አይችልም። ወረቀቱ በታካሚው ደረት ላይ ይለጠፍ።

ወረቀት ካልኩ ለላኪ ሆስፒታሎች ትንሽ ምሬት አለኝ። የተቀበልኩት አንድ የርክክብ ቅጽ ስለ ቱቦው የሚለው ሁለት ቃል ነበር፦ «ቱቦ አለው»። አመሰግናለሁ፣ እሱንስ አይቻለሁ። ያላየሁት የቱቦው ቁጥር ስንት እንደሆነ፣ ጥርስ ጋ ስንት ላይ እንደታሰረ፣ ፊኛዋ ስንት ግፊት እንዳላት፣ ከሁሉም በላይ ሲገባ አስቸግሮ እንደነበር ነው። በሦስተኛ ሙከራ፣ በልዩ መሣሪያ የገባ ቱቦ ከሆነ በአየር ላይ ቢወጣ የሚመለስበት መንገድ ሌላ ነው። ይህን አለመጻፍ አብሮት ለሚበረው ሰው ወጥመድ ማስቀመጥ ነው። በስልክ መንገርም አይበቃም፤ የሰማውና የሚበረው አንድ ሰው ላይሆን ይችላል።

ሌላው ውሳኔው ነው። ቱቦ መግባት ያለበት ታካሚ መሬት ላይ ይግባለት። ብዙ ሄሊኮፕተር ውስጥ ከታካሚው ራስ ኋላ መቆሚያ የለም፣ መብራቱም ደካማ ነው፣ ሰውም ሁለት ነው። ጭስ የሳበ፣ ፊቱ ማበጥ የጀመረ፣ ንቃቱ እየወረደ ያለ ሰው «መንገድ ላይ እናያለን» ተብሎ አይጫን። በሌላ በኩል ለጥንቃቄ እየተባለ ራሱን ችሎ በደንብ የሚተነፍስ ሰው ሁሉ ቱቦ ይግባለት ማለቴ አይደለም። ቱቦ ራሱ አደጋ አለው፤ ከላይ የዘረዘርኩት በሙሉ የቱቦ ጣጣ ነው። ሚዛኑን የሚያውቀው ታካሚውን ያየ ሰው ነው። የምለው ጥያቄው ከበሩ በፊት ይጠየቅ፣ መልሱም ይጻፍ።

መልሳችሁን በከፊል እገምታለሁ። ክብደት ትላላችሁ። የካፍ መለኪያ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ዕቃ ነው። ዋጋ ትላላችሁ። ከአንድ በረራ ነዳጅ አጠገብ አስቀምጡትና እዩት። ጊዜ ትላላችሁ። እዚህ ላይ እውነት አላችሁ። ደሙ እየፈሰሰ ላለ ሰው ደቂቃ ደቂቃ ነው፣ ረጅም ቅጽ መሙላት አያሻም። ለእሱ ሦስት ነገር ይበቃል፦ ሞገዱን ማየት፣ ጥርስ ጋ ያለውን ቁጥር ማንበብ፣ ባለቤቱን መሰየም። ፊኛዋ ከተነሱ በኋላ ትለካ። ከፅኑ ሕሙማን ክፍል ወደ ፅኑ ሕሙማን ክፍል ለሚሄደው፣ ቀኑን ሙሉ ሲጠበቅ ለዋለው ታካሚ ግን «ጊዜ የለም» የሚለው አያሳምነኝም። ጊዜው የጠፋው ስልክ ላይ ነው።

ለተቆጣጣሪዎች የምጨምረው አለኝ። አውሮፕላን ከመነሳቱ በፊት የሞተሩና የነዳጁ ዝርዝር አንድ በአንድ ካልተነበበ ፓይለቱ አይነሳም፤ ማንም «አታጋንን» አይለውም። የሕክምናው ባለሙያ ግን «ሞገድ የለም፣ አልነሳም» ቢል በብዙ ቦታ ችግር ፈጣሪ ይባላል። ያንን «አልነሳም» የማለት መብት በጽሑፍ ስጡት። ይህም እንደማያስቀጣው ይጻፍ። ፈቃድ ስታድሱ መለኪያውን መደርደሪያ ላይ አትዩት፤ የመጨረሻዎቹን በረራዎች መዝገብ አውጡና ከፍታ ላይ የተለካ ቁጥር ተጽፎ እንደሆነ እዩ። ቦታው ባዶ ከሆነ ዕቃው ለይስሙላ ነው ያለው። ቱቦ የወጣበት፣ የተዘጋበት፣ ወደ ውስጥ የሸሸበት በረራ ሁሉ፣ ታካሚው ምንም ባይሆንም፣ ሪፖርት ይደረግ። ሰው ለመቅጣት ሳይሆን የትኛው በር ላይ እንደሚደጋገም ለማወቅ።

የምጠብቀው የጽሑፍ መልስ ነው። እያንዳንዱ አገልግሎት ሁለት ጥያቄ ብቻ ይመልስልኝ፦ በተሽከርካሪዎቻችሁና በአውሮፕላኖቻችሁ ሁሉ የካፍ መለኪያና የሞገድ ካፕኖግራፊ አለ ወይ? በነገው በረራ የቱቦው ባለቤት ማን ነው?

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፅኑ ሕሙማን ነርስ

ግልባጭ፦
ለበረራ ነርሶችና ፓራሜዲኮች
ለፓይለቶች
ለፅኑ ሕሙማን ክፍል ኃላፊዎች
ለታካሚ ቤተሰቦች፤ ከመነሳቱ በፊት «ቱቦውን የያዘው ማን ነው?» ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ